የምሥራቁ መውረጃ

ሰኞ 3

ደብዳቤው ዛሬ ደረሰ። አምና ሠርተን ያስረከብነው ትምህርት ቤት የማንበቢያ ክፍሉ ኮርኒስ ውሃ ያንጠባጥባል። የዋስትናው ዓመት ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው። አማካሪ መሐንዲሷ "ሥራ ተቋራጩ የጉድለቱን ምክንያት ፈልጎ ያግኝ" ብላ ጽፋለች።

የቢሯችን የውል ባለሙያ ደብዳቤውን አንብቦ ሳቀ። ሁላችንም "አንቀጽ" ነው የምንለው። እንዴት አደርክ ቢሉት እንኳ በቁጥር የሚመልስ ይመስላል።

"አትጨነቅ ጋሼ" አለኝ። "መፈለጉ የኛ ግዴታ ነው። ወጪው ግን በሚገኘው ነገር ይወሰናል። ጥፋቱ የኛ ከሆነ እኛ እንከፍላለን፤ ካልሆነ አሠሪው ይከፍላል፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ።"

"ምንም ካልተገኘስ?"

"ምንም ካልተገኘማ የኛ ጥፋት አልተገኘም ማለት ነዋ!"

ከመሠረቱ እስከ ቀለሙ ፎርማኑ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ "የኛ" የሚለው ቃል ማንን እንደሚነካ አውቃለሁ። ማንም አላነሳብኝም። ሥራ አስኪያጁ ግን በበሩ ሲያልፍ ቆም አለና "የሥራ ኃላፊው ከክረምቱ በኋላ ጡረታ ይወጣል። ይቺን ጣሪያ በሰላም ከተወጣሃት ወንበሩ ያንተ ነው" አለኝ።

ማታ ዝናብ። የኔ ቤት ጣሪያ አያፈስም። ተኝቶ እሱን ማዳመጥ ደስ ይላል። ሚስቴ ብርዱ ስለገባ አረንጓዴውን ሹራብ ፈልጋ አጣችው፤ እናቷ ከማረፏ በፊት በእጇ የሠራችልኝን።

"ሳይት ላይ ይሆናል" አልኳት።

"አምናም እንዲሁ ነበር ያልከኝ።"


ረቡዕ 5

ማንበቢያ ክፍሉ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ከላዩ ንጣፍ የለበሰ ክፍት ሰገነት አለ። እርጥበቱ በምሥራቅ በኩል፣ ወደ ሰገነቱ ከሚያወጣው በር ግርጌ፣ የጫማ ዳና መስሎ ኮርኒሱ ላይ ታትሟል። ከሥሩ ሰማያዊ ባልዲ ተቀምጧል። ዳይሬክተሯ መጻሕፍቱን ከነካርቶናቸው ወደ ምዕራቡ ግድግዳ አስጠግተዋቸዋል።

"አንተ ነህ የሠራኸው?" አሉኝ።

"እኛ ነን እትዬ።"

"እኛ ማለት ስንት ሰው ነው? እኔ የምፈልገው አንድ ሰው ነው።"

መሐንዲሷ ኮርኒሱን በጣቷ መታ መታ አደረገች። ቀጭን ናት፤ ደግሞ የሚያመው ቦታ ላይ ነው የምትወጋው። "መርፌ" ያላት ማን እንደሆነ አላውቅም፣ አበጀ። "ከንጣፉ ሥር ያለው የውሃ መከላከያ ሽፋን ተቀድዷል" አለች።

"ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ አቁረንበት ፈትነነዋል። በኖራ ያሰመርነው ምልክት ንቅንቅ አላለም። አንቺም ፈርመሻል።"

"ፈርሜያለሁ። ይኸው ያንጠባጥባል።"

ሰገነቱ ላይ ወጣን። ደረቅ ነው። ሁለት የውሃ መውረጃዎች አሉት፣ አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ። በገዛ እጄ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ባልዲ ውሃ አፈሰስኩ። ወረደ። መርፌ "መውረጃዎቹ ደህና ናቸው" ብላ ጻፈች።

ከባልዲው በኋላ እጄን ለምን እንደዚያ ደጋግሜ እንደጠረግሁ እንጃ።


ሐሙስ 6

ስብሰባ። አንቀጽ ስምምነቱን አርቅቆ መጣ፦ በሦስት ቦታ ንጣፉ ይነሳል፤ ሽፋኑ ይታያል፤ በሽፋኑ ላይ ጉድለት ከተገኘ ወጪው በእኛ፣ ካልተገኘ በትምህርት ቤቱ።

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሐኪም ሆዴን ከፍቶ ጤነኛ ነሽ ቢለኝ፣ ለተከፈትኩበትም እኔው ልክፈል?"

"አዎ እትዬ። ይከፈት ያሉት እርስዎ ስለሆኑ" አለ አንቀጽ።

"እኔ ይከፈት አላልኩም። እኔ ያልኩት ውሃው ይቁም ነው።"

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ፈረሙ።


ሰኞ 10

ምሳ ሰዓት፣ መኪና ውስጥ። የመጀመሪያው ቦታ ተከፈተ። ሽፋኑ ሙሉ ጤነኛ። ጭረት የለው፣ ያበጠ ቦታ የለው። ትናንት የተነጠፈ ይመስላል። አንቀጽ በሜትር ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ "ጤነኛ" ብሎ ጻፈ። መርፌ ሁለተኛውን ቦታ በኖራ አሰመረች። ነገ ይዘንባል መሰለኝ፣ ሸራ ማልበስ አለብኝ።


ረቡዕ 12

ሁለተኛውም ጤነኛ።

እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ ብሎኛል። ሠላሳ ዓመት ስሠራ፣ የቀበርኩትን ሥራ ቆፍሮ ያየልኝ ሰው የለም። ልስን ይለብሳል፣ ንጣፍ ይነጠፍበታል፣ ከዚያ ማን አየው? ዛሬ ግን መርፌ ራሷ ተንበርክካ መጋጠሚያውን በጥፍሯ ልታነሳው ሞከረች፤ እምቢ አላት። "ጥሩ ሥራ ነው" አለች፣ ጥርሷን የነቀሏት ይመስል።

ቤት ስገባ ይህንኑ ለሚስቴ ነገርኳት።

"መቃብርህን ቆፍረው ሬሳህ አማረ ያሉህ ነው የምትመስለው" አለች።

አንቀጽ ግን ደስታው ሌላ ነው። "እያንዳንዷ ጤነኛ ካሬ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ናት ጋሼ። ይቆፍሩ!"

የአምናውን የሳይት መዝገብ አወጣሁ። የውሃው ሙከራ ገጽ በኔ እጅ ጽሑፍ ነው፦ "ሦስት ቀን ቆመ። አልቀነሰም። መውረጃዎች ተከፍተዋል።" ሁሉም ተጽፏል። ጥሩ።

መዝገቡን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።


እሑድ 16

የሚስቴ ወንድም ለምሳ መጣ። አናጺ ነው። ሳህኑን እስኪጨርስ ብዙ አይናገርም፤ ዛሬ ግን መሐል ላይ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"የዚያ ትምህርት ቤት መደርደሪያ ተሰረዘ" አለ።

"የትኛው?" አለች እህቱ።

"የማንበቢያ ክፍሉ ነዋ። እንጨቱን ገዝቼ አድርቄ ጨርሻለሁ። ዳይሬክተሯ ጠርተውኝ 'ይቅርታ ልጄ፣ ለጣሪያ ፍለጋ ገንዘብ አስቀምጡ ተብለናል' አሉኝ። መጻሕፍቱ ዓመቱን ሙሉ በካርቶን ሊሆኑ ነው።" ወደኔ ዞረ። "አንተ አይደለህ እንዴ እዚያ የምትቆፍረው?"

"እኔ አይደለሁም፣ ውሉ ነው።"

"ውሉ መሮ ይይዛል?"

ሚስቴ በጣም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከሰዓቱ ጥሩ ነበር፤ ፀሐይ ወጣች፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን የጎረቤቱን አጥር ጠማማነት ስንለካ ዋልን። ወንድሟ ሲሄድ በሩ ላይ "እንጨቱ አይበላሽም፣ ይጠብቃል" አለኝ። እንደ ወቀሳ አልነበረም። ለዚህም ሳይሆን አይቀርም ከራሴ ያልወጣው።


ማክሰኞ 18

ነገሩን በዓይኔ ልየው ብዬ ዝናቡ ሳይጀምር ማንበቢያ ክፍሉ ገባሁ። ዳይሬክተሯ ወንበር ሰጡኝ፤ የሕፃን ወንበር ስለሆነ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ። እሳቸውም ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ደብተር ያርማሉ።

ዝናቡ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጀመረ። ምንም የለም። ዘጠኝ ሰዓት፣ ምንም። ዘጠኝ ከሩብ ሲሆን አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ባልዲው መዘመር ጀመረ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው" አሉ ቀና ሳይሉ። "አርፍዶ ይመጣል፤ ዝናቡ ካቆመም በኋላ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። እንግዳ ቢሆን አልወደውም ነበር።"

የተቀደደ ሽፋን እስከ አርባ አምስት ደቂቃ አይጠብቅም። ይህ የሚሞላ ነገር ነው። ሞልቶ የሚገነፍል።

ዣንጥላ ይዤ ወደ ሰገነቱ ወጣሁ። በምዕራብ በኩል መውረጃው ጎግ ጎግ ይላል። በምሥራቅ በኩል ውሃው አራት ጣት ቆሟል፤ ወደ በሩ ደፍ ተጠግቶ፣ ሽፋኑ ዝቅ ብሎ በሚያልቅበት ላይ አልፎ ከጀርባው ይገባል፤ በሙከራው ያቆርነው ውሃ እዚህ ድረስ አልደረሰም ነበር። የምሥራቁ መውረጃ ዝም ብሏል። አንድ ባልዲ ይውጣል፤ ከዚያ በላይ አይውጥም።

ስወርድ "ምን አየህ?" አሉኝ።

"ውሃ" አልኳቸው።


ረቡዕ 19

ሦስተኛው ቦታ ተከፈተ። ጤነኛ። ሚስቴ ስለ ሹራቡ በድጋሚ ጠየቀች።


ሐሙስ 20

ቅጠል ሊሆን ይችላል። ቅጠል ከሆነ ጽዳት ነው፤ ጽዳት ደግሞ የባለቤቱ ሥራ ነው፣ አንቀጽ ቁጥሩን ሁሉ ያውቀዋል። ንፋስ ቅጠል ያመጣል። ወፍም ጎጆዋን ታመጣለች።

ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ የለም።


ቅዳሜ 22

ልብስ ተራ ሄጄ ነበር። ሻጩ "ምን ዓይነት አረንጓዴ?" አለኝ።

"እንደ… የደረቀ ሣር፣ ግን እርጥብ።"

"አባቴ፣ ወይ ይደርቃል ወይ ይረጥባል።"

አምስተኛው ሱቅ ላይ የሚቀራረብ አገኘሁ። የፋብሪካ ነው። ከአንገቱ በኩል ያለውን ጽሑፍ በምላጭ ነቀልኩት። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ መኪና ውስጥ ተደብቄ የሹራብ አንገት ስነቅል የሚያየኝ ሰው ምን ይል ነበር?


እሑድ 23

ለብሼው ወጣሁ። ሚስቴ እጅጌውን በሁለት ጣቷ ያዘችው።

"ይሄ የእናቴ እጅ አይደለም።"

"ታጥቦ ነው።"

"እናቴ ግራ እጅጌውን ሁልጊዜ ታሳጥር ነበር። ይሄ እኩል ነው። በል ተቀመጥ። የት አደረግከው?"

ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ለዚህ ደብተርም ልንገረው።

የሙከራው ቀን መውረጃዎቹን የምደፍንበት ሁለት የጎማ ቡሽ ከመጋዘን ጠይቄ አንድ ብቻ ላኩልኝ። የውሃው ቦቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሞቆኝ ሹራቤን አውልቄ ነበር። በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ፣ በሲባጎ አስሬ፣ የምሥራቁን መውረጃ በሱ ደፈንኩት። ጠብታ አላሳለፈም። በሦስተኛው ቀን ስስበው ሲባጎው ባዶውን መጣ። በብረት ገፋሁት፤ ውሃው ጎግ ብሎ ወረደ። አብሮ ወርዷል አልኩ። ታች ወርጄ መውጣቱን አላየሁም። መሐንዲሷ ለመፈረም ትጠብቀኝ ነበር፣ ስምንት ሰው ቆሞ ነበር፣ እኔም "መውረጃዎች ተከፍተዋል" ብዬ ጻፍኩ። ሹራቡ ግን መታጠፊያው ላይ ተቀምጦ ዓመት ሙሉ የሰገነቱን አቧራ ሲሰበስብ ኖሯል።

ይሄን መቼ እንዳወቅሁት ጠየቀችኝ። "ማክሰኞ" አልኳት። አየችኝ። "ባልዲውን ያፈሰስኩ ቀን" አልኳት። አሁንም አየችኝ። ሌላ ቀን መፈለጉን ተውኩት።

"እናቴ ለብርድ ነው የሠራችው" አለች በመጨረሻ፣ "ለጣሪያ አይደለም። ታወጣዋለህ ወይስ እኔ ልምጣ?"

"ወንበሩ ይቀራል።"

"ቤት ውስጥ ስድስት ወንበር አለን።"


ሰኞ 24

ጠዋት አንቀጽ ደብዳቤ ይዞ ጠበቀኝ። "በሦስቱም ቦታ ምንም ጉድለት አልተገኘም፤ ስለዚህ የፍለጋው ሙሉ ወጪ በአሠሪው ይሸፈን።" ከሥሩ የኔ ስም፣ ከስሙ በላይ ባዶ መስመር።

"እዚህ ጋ ጋሼ።"

"ቆይ፣ ቧንቧ ሠራተኛውን ልጥራ።"

"ለፊርማ ቧንቧ ሠራተኛ?"

ቧንቧው ከሰገነቱ ወርዶ የሚታጠፈው ከማንበቢያ ክፍሉ ጎን ባለው የመጥረጊያ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነው። ለመርፌ ደወልኩላት፣ መጣች። ዳይሬክተሯ ሰማያዊውን ባልዲ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። አንቀጽ ከኋላችን "ይሄ በስምምነቱ ውስጥ የለም፣ አራተኛ ቦታ ነው" ይላል።

ቧንቧ ሠራተኛው መታጠፊያውን ሲፈታ መጀመሪያ ጥቁር ውሃ ፏ ብሎ ባልዲውን ሞልቶ ጫማችንን አጠበ። ከዚያ ምንም። እጁን ከተተ። ፊቱ ተለወጠ። "የሆነ… እጅ ይዞኛል" አለ። ጎተተው። እጅጌ ነበር። ግራው፣ አጭሩ። ከዚያ ሙሉው በጭቃ ተጠቅልሎ፣ የከረጢቱን ቅዳጅ አስከትሎ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ።

 ዳይሬክተሯ በመጥረጊያ እንጨት ገለጥ አደረጉት።

"ይሄ የማን ነው?"

"የኔ ነው" አልኩ።

"የናንተ?"

"የኔ፣ እትዬ። የአንድ ሰው።"

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ አንቀጽ ደብዳቤውን ለአራት አጥፎ ኪሱ ከተተ። "ሹራብ የሚል አንቀጽ የለም" አለ፣ ለራሱ።


ማክሰኞ 25

ስብሰባው ሁለት ሰዓት ፈጀ። አንቀጽ እጅ አልሰጠም። የመታጠፊያው ወጪ የኛ ይሁን፤ የሦስቱ ቦታዎች ግን፣ ሽፋኑ ጤነኛ ሆኖ ስለተገኘ፣ በፈረምነው መሠረት የትምህርት ቤቱ ነው አለ። ወረቀቱን ገልጦ በጣቱ አሳየ። ወረቀቱ እንደሱ ነው የሚለው። 

መርፌ "ፍለጋው አንድ ነው" አለች። "የምንፈልገው ቀዳዳ አልነበረም፣ ውሃው የሚገባበትን ምክንያት ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ተገኝቷል። ዋናው ውል የሚለው ይህን ነው፤ የናንተ ወረቀት ዋናውን ውል አይሽርም።"

"ሦስቱን ቦታ የመረጥሽው አንቺ ነሽ!"

"መውረጃው ተከፍቷል ብሎ የጻፈልኝ ማን ነው?"

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ዳይሬክተሯ ግን ወደ ሥራ አስኪያጃችን ነው የዞሩት።

"ቁልፍ የጣለ ሰው" አሉ፣ "ዘጠኝ ኪስ ፈትሾ በአሥረኛው ቢያገኘው፣ ለዘጠኙ ኪስ ጎረቤቱን ያስከፍላል?"

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ከአንቀጽ ፊት ወስዶ አጠፈው። "አያስከፍልም" አለ። "ሁሉንም እኛ እንሸፍናለን። ንጣፉንም እንመልሳለን።"

ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ። "ዝም ብትል ኖሮ ወንበሩ ያንተ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"አሁን እንዴት አድርጌ ልስጥህ? ሰው ምን ይለኛል? ባለ ሹራቡን ሾመው ይበሉኝ?"

"አይ፣ ይቅር።"

"ፎርማንነትህ ግን አለ" አለ። ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ። መታ ማድረጉ ጠንከር ያለ ነበር።

ቤት ስደርስ ራበኝ። ከሳምንት በኋላ ዛሬ ገና በደንብ በላሁ።


ዓርብ 28

ዝናብ። ሦስት ሰዓት ሙሉ። ማንበቢያ ክፍሉ ባልዲው ባዶ። የምሥራቁ መውረጃ እንደ ሽማግሌ ይጉመጠመጣል።

አናጺው መጥቶ ግድግዳውን ለካ። "እንጨቱ ጠበቀ አይደል?" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የእናቴን ሹራብ ግን ቧንቧ ውስጥ… አንተ ሰውዬ!" አለኝ፣ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሜትሩ ከእጁ ወደቀ።

ሚስቴ ሹራቡን አጥቤ እመልሰዋለሁ ብላ ነበር። መርፌን ጠየቅኋት። አይቻልም። ከሪፖርቱ ጋር ተያይዟል፦ "አባሪ ሦስት፣ አንድ ሹራብ፣ አረንጓዴ።" የዋስትናው ዓመት አልቆ የመጨረሻው የምስክር ወረቀት እስኪሰጥ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ይቆለፋል።

ለሚስቴ ነገርኳት።

"ይቀመጥ" አለች። "የት እንዳለ የምናውቀው ገና አሁን ነው።"


ሐሙስ 25

ክረምቱ ወጥቷል። ብዙ ቀን አልጻፍኩም፤ የሚጻፍ ነገር ስላልነበረ ነው፣ ይህም ደስ ይላል። አዲሱ የሥራ ኃላፊ ከኔ በአሥር ዓመት ያንሳል፤ ልጁ መጥፎ አይደለም፣ ሰው ይሰማል።

በአዲሱ ሳይት የሰገነቱ የውሃ ሙከራ ዛሬ አለቀ። ከመጀመሩ በፊት መጋዘኑ አንድ ቡሽ ላከልኝ። ሁለተኛው እስኪመጣ ቦቴውን አንድ ቀን ሙሉ በር ላይ አቆምኩት። ሾፌሩ ሰደበኝ። የእጅ ሥራው ገና መርፌ ዘንድ ስለተቆለፈ የለበስኩት የፋብሪካውን ሹራብ ነበር። አንቀጽ ከሥር በጩኸት "ጋሼ፣ እንዳታወልቀው!" አለ፣ ሳይቱ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ሦስት ቀን ቆመ። አልቀነሰም። ቡሾቹን ነቅዬ፣ ውሃው ሲሄድ ታች ወርጄ የሁለቱንም ቧንቧ አፍ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ጻፍኩ፦ "ሁለት ቡሽ ገባ። ሁለት ቡሽ ወጣ። መውረጃዎች ተከፍተዋል።"

ማታ እራት ሲቀርብ ሚስቴ ሳህን የምታስቀምጥበት አጣች።

"እነዚህ ጥቁር ነገሮች ምንድን ናቸው?"

"ቡሾቹ ናቸው።"

"እራት ጠረጴዛ ላይ? ማን እንዲያያቸው ነው?"

"እኔ" አልኳት።

ሳህኑን ከጎናቸው አስቀመጠችው።